ወይዘሮ ሙሉጌጥ ወደ አሮጌው ቤት ስለ ዘመቱበትና ስላፈገፈጉበት ቀን

በዘመነ ኮብልስቶን፣ ወይዘሮ ሙሉጌጥ እናትነትን በተሾሙ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ጥቅምት፣ በዕለተ ኀሙስ፣ ሐዋሳ በሰላም ሳለች እርሳቸው ግን ሰላሟን ሳያምኑ፣ መምህር ሽመልስ ለተማሪዎቻቸው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «በአሞራ ገደል መንገድ ያለው የጥንት ባለበረንዳ ቤት ነገ ማለዳ ይፈርሳል። ሳይመሽ ከጣሪያው እስከ ደጃፉ ሥላችሁ አምጡ፤ ለከተማችን መታሰቢያ ይሁን።»

ከተማሪዎቹም አንዷ፣ የወይዘሮዋ ልጅ ሩሀማ፣ ለመሣል ብትቻኮልም፣ ወይዘሮ ሙሉጌጥ፣ ክፉ ወሬን ከወሬኛው ቀድመው የሚሰሙ፣ ሳይታመሙ መድኃኒት ያዥ፣ «ብቻዋን አትሄድም» ብለው ዘመቻውን በራሳቸው እጅ ያዙ። ወእምዝ ከታቦር ሰፈር በባጃጅ ወረዱ፤ ተከታዮቻቸውም ጃንጥላ፣ የቁስል ፕላስተር፣ ሎሚ፣ ትርፍ ሹራብ፣ በመጨረሻም ሩሀማ ነበሩ። የባጃጁ አዛዥ አብዱልፈታህም በጉዱማሌ በኩል ሲያልፍ «እናቴ፣ ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ ቆምኩ ማለት ነው» ሲል አወጀ።

በደረሱም ጊዜ የክፍሉ ሠራዊት ከበሩ ሥር ተደርድሮ ይሥል ነበር። ሩሀማ ከመካከላቸው ልትገባ ስትል፣ እናቷ የተሰነጠቀውን የጭቃ ግድግዳ አይተው «ይህ ቤት እስከ ነገ አይቆይም፤ ወደ ኋላ» ብለው አዘዙ። ወደ ኋላ ቢሉ የመብራት ምሰሶ ተገኘ፤ ይነዝራል ተብሎ ተለቀቀ። ወደ ዋርካው ቢሉ አባ ኮዳ የተባሉት ታላላቅ አሞሮች ከላዩ ሰፍረዋል፤ ወይዘሮዋም ከላይ ምን እንደሚዘንብ ያውቃሉና ዋርካውም ተለቀቀ። እንዲህ እያፈገፈጉ አስፋልቱን ተሻግረው ከአንድ ዓሣ ቤት ደረጃ ላይ ሰፈሩ። ሩሀማም እንባዋን እየዋጠች «እማዬ፣ ትንሽ ከጨመርን ሻሸመኔ ሆኜ ነው የምሥለው» ብላ አወጀች፤ ጓደኞቿም ከማዶ «ሩሀማ፣ ቤቱ ይታይሻል ወይስ ደውለን እንንገርሽ?» እያሉ ተሳለቁባት። ምርጫ አልነበራትምና ከዚያው ሆና ሣለች፤ ፀሐይም በሐይቁ ማዶ ገባች።

በማግስቱ ቤቱ በዶዘር ተናደ። መምህሩ ሥዕሎቹን ቢዘረጉ የሠራዊቱ ሁሉ በር ነበር፤ በር፣ በር፣ መስኮት፣ እንደገና በር። ጣሪያውን፣ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለውን የጠርዙን እንጨት፣ የበረንዳውን ዓምዶች ሁሉ የያዘው የሩሀማ ወረቀት ብቻ ነበር። መምህሩም «የሩሀማ ሥዕል በግድግዳችን ይሰቀል» ብለው አወጁ፤ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ግን ከዜናው ሁሉ መናዱን ብቻ ሰምተው ለጎረቤት «ይወድቃል ብዬ አልነበር?» ሲሉ አወጁ።

ስለዚህ ክብር ለሙሉጌጥ ይሁን፣ ከአሞራ በታች ለማትቆም፣ ምሰሶን ለማትጠጋ፣ አንድም ጠላት ሳይመጣባት አስፋልት ለተሻገረች፣ ወደ ኋላ እየሄደች ሁሉን ለቀደመች።