ጋሽ ሀቢቡና የሳሎኑ ሲግናል

በየሰፈሩ አንድ የኔትወርክ ሐኪም አይጠፋም። ያልታመመውን ያክማል፣ የዳነውን አልጋ ያስይዛል። ድሮ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የቴሌቪዥን አንቴና እያዞረ «አሁንስ? አሁንስ?» ሲል የኖረ ሰው ነው፤ ዘመን ሲለወጥ ዋይፋይ ላይ ተሾመ። በቡታጅራ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ጋሽ ሀቢቡ ናቸው፤ በሥራቸው የበርበሬ ነጋዴ፣ በትዳር የሳፊያ ባል፣ በልጅ ደግሞ ኩዌት ሰው ቤት የምትሠራው የባሂራ አባት።

ዋይፋዩ የገባው ለባሂራ ሲባል ነው። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በኢሞ በቪዲዮ ትደውላለች። መስመሩ በመኝታ ቤት በኩል ስለገባ የዋይፋዩ ሳጥንም እዚያው ቁም ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ባሂራ ስትደውል ግን ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ሊላት ይመጣል፤ ጎረቤት ደግሞ መኝታ ቤት አይስተናገድም። ስለዚህ ስልኩ የሚከፈተው ሳሎን ነው። ሳሎን ውስጥ ደግሞ የልጅቷ ፊት አንዴ አፏን ከፍታ፣ አንዴ ዓይኗን ጨፍና ቀጥ ይላል።

ይህ ሳፊያን ያንገበግባታል። «ደህና ነኝ እማ» የሚለው ድምፅ ተቆራርጦም ቢሆን ይደርሳል፤ እሷ ግን ቃሉን ከልጇ ፊት ጋር ማስተያየት ነው የምትፈልገው። ልጄ ከስታለች ወይስ አልከሳችም? እስካሁን ያየችው ግማሽ አገጭና የመጋረጃ ጫፍ ነው።

ጋሽ ሀቢቡ ሥራ ጀመሩ። ከሳጥኑ ጀርባ የወጥ ድስት ክዳን እንደ ዲሽ አቆሙ። አንቴናዎቹን በአልሙኒየም ወረቀት ጠቀለሉ። «ውሃ ሲግናል ይጠጣል» ብለው ከመስኮቱ ሥር ያለውን በርሜል አስነሱ፤ ሳፊያም ክረምቱን ሙሉ ውሃ ከጓሮ ስታመላልስ ከረመች። አንድ ቀን ዝናብ እያካፋ ጣሪያ ላይ ወጥተው ተንሸራተቱና ወገባቸውን ይዘው ወረዱ። ገና ሳይቆሙ «አሁንስ?» አሉ።

ከዚያ ጥርጣሬያቸው ወደ ጎረቤት ዞረ። አቶ ኃይሌ ቤታቸውን አዲስ ቆርቆሮ አልብሰው ነበር። ጋሽ ሀቢቡ ኮታቸውን ለብሰው፣ እንደ ሽማግሌ ተጠንቅቀው ሄዱ።

«ኃይሌ፣ ቆርቆሮህ ሲግናሌን እየመለሰው ነው።»

«ታዲያ ጣሪያዬን ላፍርስልህ?»

«ኧረ አታፍርሰው። ትንሽ ዝቅ አድርገው።»

አቶ ኃይሌ የሳቁት ሳቅ እስከ መናኸሪያው ተሰማ። ጋሽ ሀቢቡ ግን አልሳቁም፤ ወደ መኝታ ቤታቸው ተመልሰው ሳጥኑን ወደ ቀኝ አዞሩት። ባሂራ በደወለች ቁጥር እሳቸው እዚያ ናቸው። ለልጃቸውም የሚሏት ከግድግዳው ማዶ «ይታይሻል? ይሰማሻል?» ብቻ ነው።

አረፋ ደረሰ። የሳፊያ ሳሎን ከመኝታ ቤቱ የሚለይበት ግድግዳ ከጣሪያ እስከ ወለል ትሪ ነው፤ ከሠርጓ ጀምሮ ያጠራቀመቻቸው፣ ፊት የሚያሳዩ የብረት ትሪዎች፣ ጠርዝ ለጠርዝ ተደራርበው የተሰቀሉ። በአረፋ ጠዋት ሁሉም ይወርዳሉ፤ ለእንግዳ ሥጋውና ቆጮው የሚቀርበው በእነሱ ነው። ሳፊያ የመጨረሻዎቹን አውርዳ እንደታቀፈች ስልኩ ጠራ። አንስታ ከፈተችው። ባሂራ መጣች፤ ሙሉ ባሂራ፣ ከቅንድቧ ጠባሳ ጋር።

«አሁንስ?» አሉ ጋሽ ሀቢቡ ከመኝታ ቤት።

«መጣች! ምንም እንዳትነካ!»

እየሮጡ ገቡ። ስልኩን አዩ፣ ባዶውን ግድግዳ አዩ። «ትሪው ነው ለካ» አሉ፣ ሌባው ዘመድ ሆኖ እንደተገኘበት ሰው።

ልጅቷ ከስልኩ ውስጥ ትኩር ብላ ታያቸዋለች። ሳፊያ ያን ጊዜ ገባት፤ ይህ ሰው ባሂራ ከሄደች ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ፊቷ ተቀምጦ አላወራትም። ጋሽ ሀቢቡ ወደ መኝታ ቤት ዞሩ።

«እስቲ ሳጥኑን ትንሽ ወደ ግራ...»

ሳፊያ ኮታቸውን ጨምድዳ ያዘች። «ተቀመጥ አልኩህ! ልጅህ ናት።»

ተቀመጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ባሂራ፣ ዒድ ሙባረክ። ምን በላሽ?»

«አባዬ፣ ሸብተሃል እኮ።»

«አንቺም ከስተሻል።»

«ደህና ነኝ» ልትል ጀመረችና ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ምስሉ ጥርት ያለ ስለነበር የምትደበቅበት አላገኘችም። «ደክሞኛል አባዬ» አለች። «ብመጣ ትቆጣለህ?»

አንድ ሳጥን የት እንደሚቀመጥ ሲወስኑ ክረምት ያለፈባቸው ሰውዬ ለዚህ አልዘገዩም።

«ነይ» አሉ። «ነይ ልጄ። ዛሬም ቢሆን ነይ።»

ባሂራ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች፤ እሳቸውም ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠጋ አሉባት። ሳፊያ መቀመጥ የማያውቀውን ባሏን እንደዚያን ቀን ወዳው አታውቅም። ትሪዎቹን እንዳቀፈች በሩ ላይ ቆመች። በግቢው ድንኳን ውስጥ እንግዳው ሞልቷል።

ጎረቤቷ ዘይባ ከጓሮ ተጣራች። «ሳፊያ! ትሪ አምጪ እንጂ፣ ሥጋው ቀዘቀዘ፣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል!»

ሳፊያ በአረፋ ቀን እንግዳ አስጠብቃ አታውቅም።

«ይጠብቁ» አለች።