ኪቦርዱን ማን ጠግን አለው?

የዳቦ ቤቱ መዘምራን ኮሚቴ ሐሙስ ኅዳር 12 ቀን ያደረገው አስቸኳይ ስብሰባ

ቦታ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለው የዱቄት መጋዘን። በምድጃው በኩል ያለው ግድግዳ ስለሚፋጅ ማንም እንዳይደገፍ ተነግሯል። ሰብሳቢው ተደግፈዋል።

ሰዓት፦ ለዘጠኝ ተጠርቶ አሥር ሰዓት ላይ ተጀመረ።

የተገኙ፦
1. ፀጉር አስተካካዩ፣ ሰብሳቢና የመዘምራኑ መሪ
2. ዳቦ ጋጋሪው፣ ቴነር፣ የቦታው ባለቤት
3. ፋርማሲስቷ፣ ሶፕራኖ
4. ኤሌክትሪሺያኑ፣ ባስ፣ በዛሬው ስብሰባ ተከሳሽ
5. አክስቴ፣ መሪ ዘማሪ፣ በሆስፒታል የአንሶላ ሰፊ። በሥጋ የጸሐፊው አክስት ብቻ ናቸው፤ ነገር ግን አገር ምድሩ አክስቴ ይላቸዋል። ጸሐፊው እስካሁን ቅሬታ አላቀረበም።
6. ጸሐፊው። ሲዘምር ሁልጊዜ ከምቱ ኋላ ስለሚቀር ባለፈው ዓመት ከመዘምራኑ ተነስቶ እስክሪብቶና ማኅተም የተሰጠው ነው። በስብሰባው ድምፅ አይሰጥም።

ያልተገኙ፦ ሾፌሩ። ሆኖም ኮታቸው ካለፈው ስብሰባ ጀምሮ መቀመጫቸው በሆነው ጆንያ ላይ ተዘርግቶ ቆይቷል። ምልዓተ ጉባኤው የሚሞላው በስድስት ድምፅ ሰጪ ስለሆነ ከረዥም ውይይት በኋላ ኮቱ እንዲቆጠር፣ እጅጌውንም ዳቦ ጋጋሪው እንዲያነሱለት ተወሰነ።

አጀንዳ አንድ፦ ኪቦርዱ ያለ ፈቃድ ስለመጠገኑ

ሰብሳቢው ነገሩ ከሥሩ ይመዝገብ ስላሉ እንደሚከተለው ተመዝግቧል። መዘምራኑ ለብዙ ዓመት ረጋ ያለ የወንጌል መዝሙር ሲዘምሩ ኖረዋል። የሚሰማቸው ሰው ጥቂት ነበር፤ ከጥቂቱም ገሚሱ ዳቦ እስኪወጣ የሚጠብቅ ነው። ኪቦርድ የሚጫወቱት የአክስቴ ባለቤት ነበሩ። እሳቸው ሲያርፉ አክስቴ ዝም አሉ። ዓመት ሙሉ ልምምድ ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ አፋቸውን ግን አይከፍቱም።

አንድ ቀን ዳቦ ጋጋሪው ሊጥ በሊጥ በሆነ እጃቸው ኪቦርዱን ሲያነሱ ሊጡ የምት ቁልፉ ሥር ገብቶ ደረቀ። ኪቦርዱ የጭፈራ ቤት ምት ይዞ አልለቅም አለ። ሁሉም ሊያጠፋው ሲሯሯጥ አክስቴ ከተቀመጡበት ሆነው ያንን የድሮ ዘገምተኛ መዝሙር ምቱ ላይ ጣል አደረጉበት። የምድጃው ሠራተኞች ሥራቸውን ጥለው መጡ፤ የዚያን ቀን ዳቦው አረረ። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮው «ሀውስ» የሚሉት የጭፈራ ሙዚቃ ነው ይላል፣ እኛ መዝሙር ነው እንላለን፣ ጥሪው ግን አላቋረጠም። ሊጨፍር የመጣው ያለቅሳል፣ ሊያለቅስ የመጣው ይጨፍራል። ለቅዳሜ ደግሞ የከተማው ትልቁ አዳራሽ ጠርቶናል።

ኤሌክትሪሺያኑ ማንም ሳያዛቸው ኪቦርዱን ፈተው፣ ሊጡን ጠርገው፣ እንደ አዲስ አድርገው መግጠማቸውን አመኑ። ቃላቸው እንዳለ እንዲመዘገብ ጠይቀዋል፦ «ሰርፕራይዝ ላደርጋችሁ ብዬ ነው! አሁን መቶ ዓይነት ምት አለው። እናንተ ግን አንድ ብልሽት ጠፋብን ብላችሁ ታለቃቅሳላችሁ። ደግ መሥራት ወንጀል ሆነ እንዴ?»

መቶውም ምት ተሞከረ። አክስቴ በእያንዳንዱ ምት አፋቸውን ይከፍታሉ፣ መልሰው ይዘጋሉ። ምን ጎደለ ተብለው ሲጠየቁ እንዲህ አሉ፦ «ይሄ ጥሎኝ ነው የሚሄደው። ያኛው ትንሽ ያነክስ ነበር፣ ይጠብቀኝ ነበር። ባለቤቴም ነፍሱን ይማረውና ሲጫወት አፌን እያየ ነው፤ ትንፋሼን ሳልጨርስ ጣቱን አያሳርፍም። ከሱ ወዲያ የጠበቀኝ ያ የተበላሸ ነገር ብቻ ነው። ያለሱ ቅዳሜ አልወጣም፤ አትጨቅጭቁኝ።»

ጸሐፊው እዚህ ጋ ጥቂት ቃላት ያመለጡት መጻፉን ትቶ አክስቱን ሲያይ ስለነበር ነው።

ውሳኔ፦ ለኤሌክትሪሺያኑ በላይኛው ግማሽ የሚያመሰግን፣ በታችኛው ግማሽ የሚያስጠነቅቅ አንድ ደብዳቤ እንዲጻፍ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ኮቱ ሁለቱንም እጅጌ አንስቷል።

አጀንዳ ሁለት፦ ኪቦርዱን በሥርዓቱ መልሶ ስለማበላሸት

ሰብሳቢው ኤሌክትሪሺያኑን ሥራዎን ያፍርሱ ብለው ጠየቁ። ኤሌክትሪሺያኑ የሙያ ክብራቸውን በመጥቀስ እምቢ አሉ፤ ሌላ ሰው ቢያበላሸውም ከማንም ቀድመው መጥተው እንደሚጠግኑት ዛቱ።

ዳቦ ጋጋሪው ሊጥ እንዲጨመር ሐሳብ አቀረቡ። ፋርማሲስቷ ሊጡ በመርፌ ተለክቶ፣ ከምግብ በኋላ በቀን ሁለት ጊዜ እንዲሆን አሻሻሉ። ከምን በኋላ ተብለው ሲጠየቁ ልማድ ሆኖባቸው መሆኑን ገልጸው «ከምግብ በኋላ» የሚለው እንዲሰረዝ ፈቀዱ። ያን ጊዜ የገባው የዳቦ ሊጥ ነው ወይስ የኬክ በሚለው ላይ ረዥም ውይይት ከተደረገ በኋላ የዳቦ ሊጥ ተሞከረ፤ ኪቦርዱ ከነጭራሹ ዝም አለ። ዳቦ ጋጋሪው ጥፋቱን ዱቄቱ ላይ ጣሉ። ኤሌክትሪሺያኑ ዛቻቸውን አክብረው እዚያው ጠረጉት።

ውሳኔ፦ ጉዳዩን የሚያጠና የሊጥ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። የንዑስ ኮሚቴው ሰብሳቢ ዳቦ ጋጋሪው፣ አባሉ ኮቱ።

አጀንዳ ሦስት፦ የቅዳሜው ዝግጅት

ፋርማሲስቷ አክስቴ ካልወጡ መሪውን ክፍል እሳቸው ሊዘምሩ እንደሚችሉ፣ እንደ አጋጣሚም አጥንተውት እንደመጡ ገለጹ። ዳቦ ጋጋሪው የፋርማሲስቷን ዓይን ከጨው ጋር በማያያዝ አስተያየት ሰጡ። ፋርማሲስቷ በምላሻቸው የዳቦው መጠን ከዓመት ዓመት እያነሰ መምጣቱን ለጉባኤው አስታወሱ። ዳቦ ጋጋሪው ጉባኤተኛው የተቀመጠበት ጆንያ የማን እንደሆነ ጠየቁ። ሁሉም ለአጭር ጊዜ ቆመው ከተነጋገሩ በኋላ መልሰው ተቀመጡ።

በመጨረሻ ፋርማሲስቷ ራሳቸው ሐሳባቸውን ሳቡ። «ለማን ብዬ ነው የምዘምረው? እሳቸው እዚያ ጥግ ቁጭ ብለው እያዩኝ ድምፄ አይወጣም» ብለዋል።

ውሳኔ፦ መዘምራኑ ቅዳሜ እንደማይመጡ ለአዳራሹ በአምስት ቅጂ እንዲጻፍ፣ ጸሐፊውም እዚሁ እንዲያትምበት በሐዘን ተወሰነ። የኮቱን እጅጌ ያነሳለት ስላልነበር በድምፀ ተአቅቦ ተመዝግቧል።

አጀንዳ አራት፦ ያልታቀደ

ጸሐፊው ማተም ጀመረ። የማኅተሙ ቀለም መያዣ ስለደረቀ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ተደርጎ ነው ወረቀቱ ላይ ድብ የሚባለው። ጸሐፊው ደግሞ ለመጨረስ አልቸኮለም፤ ድብ ባለ ቁጥር አንድ ቅዳሜ እየተዘጋ መስሎት ነበር። ስለዚህ ጠቅ ጠቅ ይልና ቀና ብሎ አክስቱን ያያል፣ አለቀሱ አላለቀሱ ብሎ አፋቸውን ያያል፣ ከዚያ ድብ።

ሁለተኛው ቅጂ ላይ የአክስቴ ተረከዝ ተንቀሳቀሰ። ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ ሳቡ። ጸሐፊው ማኅተሙን አየር ላይ ይዞ ጠበቃቸው። አራተኛው ላይ ዘመሩ።

ቅጂዎቹ ሲያልቁ ጸሐፊው በባዶ ጠረጴዛው ላይ፣ በአጀንዳው ላይ፣ አንድ ጊዜም በሰብሳቢው እጅ ላይ ማተሙን ቀጠለ። ኤሌክትሪሺያኑ በባስ ገቡ፤ ፋርማሲስቷና ዳቦ ጋጋሪው አንድ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ተቀበሉ። የምድጃው ሠራተኞች በሩ ላይ ተደረደሩ። የአረረ ዳቦ ሽታ በሰፊው ተስተውሏል።

መዝሙሩ ሲያበቃ አክስቴ «አንተ! ይሄን ሁሉ ጊዜ የት አባክ ደብቀኸው ነው?» ሲሉ ጸሐፊውን ጠየቁ። ጸሐፊውም አለመደበቁን፣ ከመዘምራኑ የተባረረበት ጥፋት ይኸው ከምቱ ኋላ መቅረት ራሱ መሆኑን በትሕትና አስረዳ። ሰብሳቢው ግድግዳውን መልሰው ተደግፈው፣ ተቃጥለው፣ ቀና አሉ። አክስቴም «ቅዳሜ እንዲህ ጠብቀኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» ብለው መሐረባቸውን አወጡ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ዛሬ የተወሰነው በሙሉ፣ ደብዳቤው ከነምስጋናውና ከነማስጠንቀቂያው፣ የሊጥ ንዑስ ኮሚቴው፣ አምስቱም ቅጂዎች ተሽረዋል። ኪቦርዱ እንደተጠገነ ይቀመጥ። ባለፈው ዓመት በጸሐፊው ላይ የተላለፈው ውሳኔም ተሽሮ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከጸሐፊነት ተነስቶ ከነማኅተሙ ወደ መዘምራኑ ተመልሷል። ውሳኔው ኮቱን ጨምሮ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል፤ እጅጌውን ያነሱት አክስቴ ናቸው።

ስብሰባው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ተበተነ፤ ግን ማንም አልሄደም።

ይህ ቃለ ጉባኤ ማኅተም የለውም። ማኅተሙ ልምምድ ላይ ነው።