የጋሼ ታከለ ልብና የደበቁት ዋግምት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። መድኃኒቱን የደበቀስ ምን ይባል? በሽታ መደበቁን እንኳ ለኩራት እንስጠው። መድኃኒት የሚደበቀው ግን፣ እናንተም አይጠፋችሁም፣ ሰው ፊት ያወገዝነውን ጓዳ ገብተን ስናደርገው ነው።

አጎቴ ጋሼ ታከለ በደርግ ጊዜ ስማዳ ውስጥ የአንድ ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩ። ወገዳ ገበያ ላይ ቆመው «ዋግምት ኋላ ቀር ልማድ ነው! ይውደም!» ሲሉ ድምፃቸው ማዶ ይሰማል። አንድ ጊዜ ለስብሰባ የሦስት ቀን መንገድ ተጉዘው አዲስ አበባ መጥተው እኔ ቤት አረፉ። በመጡ በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ እጃቸው ከደረታቸው ላይ ቀረ። ላብ አጠመቃቸው፣ ግራ ክንዳቸው ዛለ። «ስብሰባው ይረፍድብኛል!» እያሉ ሲሟገቱኝ በታክሲ ሆስፒታል አደረስኳቸው።

ሐኪሙ መርምሮ፣ «የረጋ ደም የልብዎን የደም ሥር ዘግቶታል» አላቸው። «የሚያሟሟው መድኃኒት በቅርቡ ገብቶልናል። ቶሎ ከተሰጠ ደሙ ተመልሶ ይፈስሳል፣ የልብዎ ጡንቻም ሳይሞት ይተርፋል።»

«እንደ መስኖ ቦይ ነዋ! በል ደለሉን ጥረግልኝ!»

«ግን ሌላም ቦታ ሊያደማ ይችላል። ሰሞኑን የቆሰሉት፣ የተቆረጡት ነገር አለ?»

ጋሼ እኔን አዩ፤ ጣሪያውን አዩ። «የለም» አሉ።

መድኃኒቱ ጠብ ጠብ እያለ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ደረታቸው ቀለለ፣ ፊታቸውም ወዛ። እኔም እፎይ ልል ስል፣ ነርሷ ትራሳቸውን ልታስተካክል ቀና ብታደርጋቸው አንሶላው በደም ርሷል! «ዶክተር!» ብዬ ጮህኩ። ሐኪሙ ሮጦ መጥቶ ልብሳቸውን ሲገልጥ፣ ጀርባቸው ላይ የተደረደረው የዋግምት ብጣት ሁሉ ደም ያዥጎደጉዳል። ለካ እኔ ሥራ በዋልኩበት ቀን፣ መንገድ የሰበረውን ጀርባቸውን አጋሚ አስጠርተው ታግመውት ኖሯል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ ሐኪሙ።

«ይኼማ... ልማድ ነው» አሉ። «ኋላ ቀር» የምትለዋን ዘለሏት።

ሐኪሙና ነርሷ በፋሻ ተጭነው ተጭነው ደሙን በመከራ አቆሙት። ልባቸውም ተረፈ።

ሲወጡ ሐኪሙ፣ «ደረትዎን እንደገና ካመመዎት በሁለት በሦስት ሰዓት ውስጥ ይድረሱልኝ» ብሎ አስጠነቀቃቸው። «ከዘገዩ መድኃኒቱ የሞተውን ጡንቻ አያስነሳም።»

ጋሼ የወገዳን መንገድ በሐሳባቸው ሄደው መጡ።

«እንግዲያው ዶክተር» አሉ፣ «እኛ ከመታመማችን ከሦስት ቀን በፊት መነሳት አለብን ማለት ነዋ!»

ሐኪሙ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።