ክብርት ወይዘሮ ሚሊሜትር

“ጥሩ ነው” ሳይል ዕድሜውን የሚፈጅ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። ለእኛ ክላርኔት ፋብሪካ የደረሱን ክብርት ወይዘሮ ሚሊሜትር ናቸው፤ የጥራት ተቆጣጣሪ፣ የጆሮዎች ሁሉ የበላይ። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ ቀዳዳ በሺው።

ክላርኔት ከጀርባው ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ቀዳዳ አለችው። ስትከፈት ወፍራሙን ድምፅ ወደ ቀጭን ታዘልለዋለች፤ በዚያ ላይ የራሷም ድምፅ አላት። የሁለት ጌቶች አሽከር ናትና አንዱ ሲደሰት ሌላው ያኮርፋል። ሁለቱም የሚታረቁባትን ቦታ የሚያውቁት፣ እንደ እትዬ አባባል፣ ፈጣሪና እሳቸው ብቻ ናቸው።

“ይቺን ጉንፋን ይዟታል” ይሉኛል ነፋ አድርገው።

“እትዬ፣ በመለኪያው ልክ ናት እኮ!”

“መለኪያው ጆሮ አለው?”

በቃ፣ ይመለሳል! በአለቃችን ልደት ዘፈኑን አስቁመው፣ “በመስኮቱ በኩል ያላችሁ ዝቅ ብላችኋል፤ እንደገና!” ብለውናል። ሦስቴ ስንደግም ሻማው ቀልጦ ኬኩ ላይ ፈሰሰ።

ባለፈው ወር ወገባቸውን አሟቸው ቤት ዋሉ። አለቃችንም፣ “ለትምህርት ቤቱ የታዘዙት አርባ ክላርኔቶች ዓርብ ይውጡ፤ መለኪያው ካሳለፋቸው አለፉ” አለ። ጮቤ ረገጥን። ሰኞ ሁሉም አለፈ፤ ማክሰኞም አለፈ። ረቡዕ እስቲ ብዬ አንዱን ነፋሁት። ታፍኗል። ሌላውም እንደዚያው። ለካ የመብሻ ማሽኔ በፀጉር ስፋት ተንሸራቷል።

“ማን ይሰማዋል?” አለ አለቃ ስነግረው።

“ልጆቹ ናቸዋ! ጥፋቱ የራሳቸው ይመስላቸዋል፤ ‘እኔ አልችልም’ ብለው ይተዉታል።”

ሐሙስ ጠዋት አርባውን በታክሲ ጭኜ እትዬ ቤት ሄድኩ። አልጋቸው ላይ እንደተቀመጡ አንድ በአንድ ነፉ። ጎረቤት ግድግዳ ሲደበድብ፣ “ምቱን እንኳ አይጠብቅም” አሉ። ሲደክማቸው የቀሩትን ወደ እኔ ገፉልኝ።

“አንተ ንፋ።”

“እኔ?”

“ጆሮ ባይኖርህ እዚህ ድረስ ትመጣ ነበር?”

ሠላሳ አንዱን ጣልን። አለቃ ጮኸ፣ ተራገመ፣ በመጨረሻ ትምህርት ቤቱን የአንድ ሳምንት ጊዜ ለመነ። እኔም ሠላሳ አንድ አዲስ በሳሁ።

እትዬ ወገባቸውን በፋሻ አስረው የተመለሱ ዕለት በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው፤ ወንበራቸው ላይም ከቤቴ ያመጣሁትን ትራስ አድርጌያለሁ። ዞር ዞር ብለው አዩት።

“ወደ ግራ ጠሟል” አሉኝ።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።