ጋሽ ላቀው በአንድ ሌየር

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ሐዋሳ ተገልብጣ አየኋት። ሰው ቤት ማስነደፉ ቀርቶ ቤቶች ሰው ያስነድፉ ነበር። ቪላው፣ ፎቁ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሁሉ የየራሱን ሰው እንደ ፕላን ጠቅልሎ በብብቱ ሸጉጦ ቢሯችን ደጃፍ ተሰልፏል። እኔም በመስኮት ብቅ ብዬ ተራ በተራ አልኳቸው። ምንም አልገረመኝም። በንድፍ ሥራ እኔን የሚያክል የለም ብዬ አልኩራራም፤ ግን የለም።

ከሰልፉ ፊት የቆመው የጋሽ ላቀው ቤት ነበር። ጋሽ ላቀው የሩሐማ አባት ናቸው፤ ሩሐማ ደግሞ የማገባት ልጅ ናት። በእውኑ ዓለም የቤታቸውን ንድፍ ለእኔ ሰጥተው፣ ቤቴን አይቼ ልጄን እሰጥሃለሁ ብለውኛል፤ ሽማግሎቼም ነገ እሑድ ይሄዳሉ። ንድፉን ባለፈው ሳምንት ከእኛ የኮምፒውተር ፕሮግራም ቤቱን ወደሚሠራው ኮንትራክተር ፕሮግራም አሻግሬዋለሁ። በእኛ ፕሮግራም ሥዕሉ ሌየር ሌየር ሆኖ እንደ ስስ ወረቀት ይደራረባል፤ ግድግዳው በአንዱ፣ በርና መስኮቱ በሌላው፣ የቤት ዕቃው ደግሞ በራሱ። የቢሮዬ ልጆች እያንዳንዱን ሌየር በሌላው ፕሮግራም ካለው አቻው ጋር ሲያዛምዱ ቀናቸውን ይፈጃሉ። ለእኔ ያ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። የኮንትራክተሩ ፕሮግራም ሌየሮቹን አልቀበልም ሲለኝ ሁሉንም አንድ ሌየር ላይ ጨፍልቄ ላክሁና ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ጨረስኩ።

በሕልሜ ታዲያ ቤቱ ጋሽ ላቀውን ከብብቱ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋቸውና ወደ ማዶ አሻግርልኝ አለኝ። ሳላሻግራቸው ብቀር ልጅቷን የሚሰጠኝ ሰው እንደማይኖር ጨምሮ ነገረኝ። ጠቅልዬ ይዣቸው ወጣሁ።

ወዲያው ኬላ ደረስን። ሰዎች ጋሪ ይጎትታሉ፤ ጋሪው ላይ አህያ ተቀምጣ፣ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ዝቅ አድርጋ መንገደኛ ትፈትሻለች። ጋሽ ላቀውን ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየቻቸው። ከላይ ጋቢያቸው፣ ከሥሩ ቁጣቸው፣ ከቁጣው ሥር ሳቃቸው፣ ከሁሉ በታች ደግሞ ማንም አይቶት የማያውቅ እንባቸው ነበር።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» አለች አህያዋ።

«ሌየር ነው፣ እመቤቴ።»

«እኛ አገር ሰው አንድ ነው። አንድ አድርገህ አምጣቸው፣ ወይም ትተሃቸው እለፍ።»

እኔ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ነገር አላመነታም። በመዳፌ ጫን ጫን አደረግኋቸው። ጋቢው ከቆዳው፣ ቁጣው ከሳቁ፣ እንባው ከጋቢው ጥለት ጋር ገጠመ። አህያዋ ግንባራቸው ላይ ማኅተም መታችና አሳለፈችን።

ማዶ ሽማግሎቼ ቀድመውን ደርሰዋል። ወንበሮቹ ሽማግሎቹ ጭን ላይ ተቀምጠዋል፤ ሽማግሎቹም ከብደዋቸው ላብ በላብ ሆነዋል። ከወንበሮቹ አንጋፋው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ልጅዎን ለልጃችን ይስጡልን አለ። ጋሽ ላቀው ብድግ አሉ። እየሳቁ ተቆጡ፣ እየተቆጡ አለቀሱ። ሰጥቻለሁ ይበሉ አልሰጥም ይበሉ ለማንም አልለይ አለ። እኔ ሰጡ ብዬ አጨበጨብኩ፤ ከእኔ ሌላ ያጨበጨበ አልነበረም።

ሩሐማ ከጓዳ ወጣች። አባቷ ሙቀት እንደጠናባቸው ስታይ ጋቢውን ከትከሻቸው ልታነሳላቸው ሳብ አደረገችው፤ እምቢ አለ። ደግማ ብትስበው ጋሽ ላቀው ቆዳዬን ብለው ጮኹ። ያኔ ዞራ አየችኝ። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም፤ እኔም እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

«አባባን እንደ ነበረ ለይልኝ፣ ኢዮስያስ» አለችኝ።

ቀላል ነው አልኳት። አህያዋ ዘንድ ሮጬ መልሺልኝ ብላት፣ መጨፍለቅ እንጂ መለየት የእኛ ሥራ አይደለም ብላኝ ጋሪዋን አስጎትታ ሄደች። ግድ የለም፣ ራሴ እለያቸዋለሁ ብዬ የጋቢውን ጠርዝ በጥፍሬ መፈለግ ጀመርኩ። ገና ስዳብስ ስልክ ጮኸ።

ነቃሁ። ነግቷል። የደወለው የጋሽ ላቀውን ቤት የሚያሠራው ፎርማን ሻሜቦ ነበር። ሕልም ነው ለካ ብዬ ደስ እያለኝ ሥራው እንዴት እንደሆነ ጠየቅሁት። ሻሜቦ ሥራው በጥሩ እየሄደ መሆኑን ነገረኝ። የላክሁለት ፕላን መስመሩ ሁሉ አንድ ቀለም፣ አንድ ውፍረት ስለሆነ ግንበኞቹ መስመር ባዩበት ሁሉ ብሎኬት ደርድረዋል። የሳሎኑ ግድግዳ መስኮት ሥር ደርሷል፤ ሶፋውና የመኝታ ቤቱ አልጋም አብረው ተገንብተዋል። እሱን የቸገረው ትራሱ ነው፤ ከፍታው ፕላኑ ላይ አልተጻፈም።

ይሄኔ ጋሽ ላቀው ስልኩን ከሻሜቦ ተቀበሉት። ድምፃቸው የረጋ ነበር።

«ሽማግሎችህን ነገ እዚሁ አዲሱ ቤት ላካቸው፣ ልጄ» አሉኝ። «ሶፋው ተገንብቷል። ልስኑ ስላልደረቀ ግን ቆመው ይጠይቁኝ።»