ክብርት ወይዘሮ ዮርዲስ እና የዘጠኝ ሰዓት ቡና

በየመሥሪያ ቤቱ ከሥራ አስኪያጁ በላይ የሚፈራ አንድ ሰው አይጠፋም። ሹመቱን ማን እንደሰጠው ግን የሚያውቅ የለም። በእኛ በጎተንበርጉ የመርከብ ጭነት ቢሮ ያ ሰው የመዝገብ ቤቷ ክብርት ወይዘሮ ዮርዲስ ናቸው። ፊት ለፊት «አንቺ» ነው የምንላቸው፤ የፈረንጆቹ አገር አንቱታ አያውቅም። በጽሑፍ ግን አልደፍርም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጠረጴዛ ይደበድባሉ። «ተነሡ! ቡናውን ብቻውን የጠጣ ብቻውን ይሳሳታል!» ከደንበኛ ጋር በስልክ የሚጨቃጨቅ ሳይወድ በግዱ ይታረቃል። ኬኩን በየተራ እንጋግራለን። አንዴ ኤርላንድ የሚባለው ዝምተኛ ባልደረባችን የሱቅ ኬክ በራሱ ሳህን አድርጎ ቢያመጣ፣ ቀመሱና «እናትህ ይህን ሳታይ መሞቷ ደግ ነው» አሉት። እናቱ ግን አልሞተችም።

ከዚያ ኩባንያው «ከቤታችሁ ሥሩ» አለን። ተገላገልን ስንል ሴትዮዋ በኮምፒውተራችን ብቅ አሉ። «ስኒያችሁን አሳዩ!» እኛም ጎልማሶቹ እንደ ተማሪ ስኒ እናነሳለን።

ያኔ የስድስት ወር የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶኝ ነበር። የኮምፒውተሩ የጭነት መርሐ ግብር አልገባ ብሎኝ ዘጠኝ ቀን ብቻዬን ታገልኩ። ካልቻልኩት እባረራለሁ፤ ሰው መጠየቅ ደግሞ ሞት መሰለኝ።

«ስኒህ ሦስት ቀን ባዶ ነው» አሉኝ አንድ ማክሰኞ፣ ሁሉም እየሰማ። «ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

«ምንም ያልሆነ ሰው ቡናውን አይረሳም። ተናገር!»

ፊቴ ቲማቲም መስሎ ተናገርኩ። ኤርላንድ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እኔ ባለፈው ዓመት አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል። ለማንም አላወራሁም። ነገ ቢሮ ና፣ አብረን እናየዋለን።»

«አሥራ አንድ ቀን? አንተ ጉድ!» አሉት ዮርዲስ።

በሁለት ቀን ጨረስነው። ሥራ አስኪያጁ «ትቀጥላለህ» ሲለኝ ከእናቴ በፊት የደወልኩት ለዮርዲስ ነው።

«ቀጠሩኝ!»

«እና? የኬክ ተራውን ዝርዝር አላየኸውም እንዴ?»

ከፍቼ አየሁ። ስሜ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አራት ቦታ ተጽፏል። የተጻፈበት ቀን ሥራ የጀመርኩበት ዕለት ነው።

«ሐሙስ ያንተ ነው» አሉኝ። «ዕንቁላል ግዛ።»

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ምን አሳፈረኝ። ሥራ አስኪያጁ ከሰው የቆጠረኝ በስድስተኛው ወር ነው፤ እኚህ ነዝናዛ ሴት ግን በመጀመሪያው ቀን።