የፕሬዚዳንቱ መርዶ በሰቆጣ

መርዶ እንደ ዋዛ አይነገርም። ማልዶ መሄድ አለ፣ ሽማግሌ ማስቀደም አለ፣ የሟች ዘመድ እንዳይበረግግ ደጁን ቀስ ብሎ መክበብ አለ። ከዚያ በኋላ ነው አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ የሚናገረው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ፣ በሃያ አራት ዓመቴ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ለአንድ ከተማ ሕዝብ መርዶ የነገርሁት። ያውም ያልሞተ ሰው መርዶ።

በንጉሡ ዘመን ሰቆጣ አስተማሪ ነበርሁ። አንድ ቀን ፊልም የሚያሳይ መኪና መንገድ አንገላቶት፣ ከነጄኔሬተሩ አቧራ ለብሶ መጣ። ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ አቡጀዲ ተሰቀለና ሕዝቡ ታጨቀ። ፊልሙ በባሕር ማዶ ስለተገደለ አንድ ፕሬዚዳንት የሚተርክ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ የገዥ ሞት በስም ሲጠራ ምን እንደሚያመጣ ያን ጊዜ ተምሬያለሁ። ተናጋሪው በእንግሊዝኛ ይተርካል፣ እኔ ወደ አማርኛ አመጣዋለሁ፣ ጎረቤቴ መምሬ ክንፉ ደግሞ አማርኛው ለከበደው ወደ አገሬው ቋንቋ፣ ወደ ኽምጣንጋ ያሻግሩታል።

ገና ከመጀመሩ "ፕሬዚዳንት" ላይ ተሰናከልን።

"ምንድን ነው እሱ?" አሉኝ መምሬ።

ፊልም ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። ሕዝብ መርጦ የሚሾመው፣ ጊዜው ሲደርስ የሚወርድ ሰው ነው ብዬ ላስረዳ? እሱ ራሱ ሌላ መዘዝ ነው። "እንደ ንጉሥ ያለ ነው" ብዬ ገላገልኋቸው። "እንደ" የምትለዋ ግን ከአማርኛ ወደ ኽምጣንጋ ስትሻገር የት እንደወደቀች እግዜር ይወቅ።

ፕሬዚዳንቱ ተተኩሶበት መኪናው ውስጥ ዘንበል ሲል መጋዘኑ በዋይታ ተናወጠ። ግማሹ ሕዝብ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። እኔ ሞኙ በትርጉሜ ኮራሁ።

"መምህር፣" አሉኝ መምሬ ዕንባቸውን እየጠረጉ፣ "ጃንሆይን የገደሏቸው እዚያው ከተማቸው ነው ወይስ ጉዞ ላይ?"

ጃንሆይን ለማውረድ ከተሞከረበት ከታኅሣሡ የቤተ መንግሥት ግርግር ወዲህ ሰው በሹክሹክታ እንኳ የማይደፍረውን ነገር እኔ መጋዘን ሙሉ ሰው ሰብስቤ አወጅሁት ማለት ነው። ወሬ ነዢ ተብሎ መታሰር እንደሁ በዚያን ጊዜ ቀላል ነበር። ደጅ ለደጅ እየዞርሁ "ጃንሆይ ደህና ናቸው" ማለት ጀመርሁ። እሱም አልበጀኝም፤ ደህና አይደሉም ያለህ ማን ነው የሚል ጥያቄ አብሮት ይመጣል።

ይባስ ብሎ ፊልም አሳዩ የዚያኑ ግድያ ታሪክ የሚተርክ መጽሐፍ ከነሥዕሉ ሰጥቶኝ ነበር። ሌሊቱን አንብቤ ጨርሼዋለሁ። ፍራሽ ሥር አደረግሁት፤ አላስተማመነኝም። የጤፍ እንስራ ውስጥ ቀበርሁት። ላቃጥለው አሰብሁና ጭሱን ያዩብኛል ብዬ ተውሁት። ፈራሁ፣ ምን ልደብቃችሁ።

በሦስተኛው ቀን ፖሊስ መጣ። "የአውራጃ ገዥው ይፈልጉሃል። መጽሐፉንም ይዘህ።" ስለ መጽሐፉ ማን ነገራቸው? ስንቄን ቋጠርሁ። መምሬ ክንፉ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው "እግዚአብሔር ይፍታህ" አሉኝ። ከኃጢአት ይሁን ከእስር አልጠየቅኋቸውም።

ገዥው በሩን ራሳቸው ዘጉ። መጽሐፉን ተቀብለው ገለጡ፣ ገለጡ፤ ሥዕሎቹ ላይ ቆዩ።

"አንብበኸዋል?"

"አዎ፣ ጌታዬ።"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እንዲያው ይኼ ሰው ጠባቂ አልነበረውም?"

"ሞልቶት ነበር፣ ጌታዬ።"

"ታዲያ ከወዴት ተተኮሰበት?"

"ከመስኮት ነው ይላል።"

ወደ ኋላቸው ዞር ብለው አዩ። ከበስተጀርባቸው ባለው መስኮት የገበያው ጫጫታ ይገባል። ቀስ ብለው ተነሡና ግድግዳውን ተጠግተው ቆሙ።

"ሂድ" አሉኝ። "መጽሐፉን ተወው።"

ስንቄን ቤቴ ገብቼ በላሁት። በሳምንቱ በዚያ ሳልፍ ግንበኛ የገዥውን መስኮት በድንጋይና በጭቃ ይደፍናል። ምነው ቢባል "ብርድ ነው" ብለዋል አሉ። ከዚያ ወዲያ ባለጉዳይ የሚገባው በቀትር ፋኖስ ወደሚበራበት ክፍል ሆነ።

ከዓመት በኋላ ዝውውር ጠይቄ ለማስፈረም ገዥው ዘንድ ገባሁ። ፋኖሱን ወደ ወረቀቱ አስጠጉና ብዕራቸውን አነሡ።

"የምትሄድበት ትምህርት ቤት መስኮቱ ብዙ ነው?"

"ብዙ ነው፣ ጌታዬ።"

"ተጠንቀቅ" ብለው ፈረሙልኝ።

አስተማሪን ደግሞ ማን ጥይት ያባክንበታል ብዬ መንገዱን ሙሉ ስስቅ ሄድሁ። አዲሱ ክፍሌ ስገባ ግን መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ጠረጴዛዬን ወደ ማዕዘኑ መግፋት ነበር።